«ነገ ይወጣሉ» ሲባል፦ አረጋዊ ወላጅ ከአሜሪካ ሆስፒታል ሲወጡ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የበሽተኛው መውጫ ቀን መታሰብ የሚጀምረው ገና በገቡበት ቀን ነው። ቤተሰቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በመጨረሻው ጠዋት ነው። ያን ጊዜ አልጋው ለሌላ ሰው ታስቧል፣ ወረቀቱ ታትሟል፣ ነርሷም ተሽከርካሪ ወንበሩን ይዛ ቆማለች። ከታች ያለው በዋነኛነት 65 ዓመት ሞልቷቸው ሜዲኬር (የፌዴራሉ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ላላቸው ወላጆች ነው፤ ሜዲኬር ለሌላቸው የሚለየውን በቦታው እናነሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆስፒታሉ ለምን ይቸኩላል? መቆየትስ ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ከ1983 ወዲህ ሜዲኬር ለሆስፒታል የሚከፍለው በቀን ተቆጥሮ ሳይሆን በሕመሙ ዓይነት ተተምኖ ነው። ለሳንባ ምች የተመደበው ክፍያ በሽተኛው ሦስት ሌሊትም ቢተኙ ስድስት ብዙም አይለወጥም፤ የተጨመረው ሌሊት ከሆስፒታሉ ኪስ ይወጣል። ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚጎትት ሕግ አለ። እንደ ልብ ድካም፣ ሳንባ ምች፣ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ባሉ ምክንያቶች ታክመው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች ከሚጠበቀው በላይ ከበዙ፣ ሜዲኬር ከሆስፒታሉ ክፍያ ላይ ይቆርጣል፤ ቅጣቱ አሁን እስከ 3 ከመቶ ይደርሳል።

ይህን ማወቅ ለቤተሰብ የሚጠቅመው አነጋገርን ለመምረጥ ነው። «እባካችሁ ጥቂት ቀን ይቆዩልን» የሚለው ልመና መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር የለውም። «ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሰው የለም፣ መኝታ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ትናንት ያለ ድጋፍ ከአልጋ መነሳት አልቻሉም» የሚለው ግን ኬዝ ማኔጀሩ (መውጫውን የሚያስተባብረው የሆስፒታሉ ሠራተኛ) ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

መቆየት በራሱ ደኅንነት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሰዋል፤ እነዚህ ሰዎች ያልታመሙ ነበሩ። ከ70 ዓመት በላይ ሆነው ሆስፒታል ከሚተኙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከሕመሙ በፊት ይሠሩት የነበረውን አንድ ነገር፣ መታጠብ ይሁን መልበስ ወይም መራመድ፣ ያለ ሰው እገዛ ማድረግ ሳይችሉ ይወጣሉ። ላይ ላዩን የሚቆራረጥ እንቅልፍ፣ የማያውቁት ክፍልና የማያውቁት ቋንቋ ተደምረው መቃዠትን ያመጣሉ። ስለዚህ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት ከመከራከር ይልቅ፣ ባለው ጊዜ በየቀኑ ከአልጋ ተነስተው እንዲራመዱ፣ መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው አጠገባቸው እንዲሆን፣ የማያስፈልግ የሽንት ቱቦ ቶሎ እንዲወጣ መወትወት የበለጠ ፍሬ አለው።

በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ

«ኢንፔሸንት (በይፋ የተኙ) ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን (ለክትትል ብቻ የቆዩ)?» ይህን ጥያቄ ያልጠየቁ ቤተሰቦች በኋላ የሚመጣውን ሂሳብ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ እጃቸው ላይ አንድ ዓይነት አምባር ይታሰራል። በሕግ ግን ኦብዘርቬሽን ላይ ያለ ሰው «አልተኛም»፤ እንደ ተመላላሽ ታካሚ ነው የሚቆጠረው። ክፍያው ከሜዲኬር ክፍል ኤ (የሆስፒታል መኝታ ሽፋን) ሳይሆን ከክፍል ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ሽፋን) ይወጣል፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚወስዷቸውን ክኒኖች ሆስፒታሉ ሲሰጣቸው ለብቻ ሊያስከፍል ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሪሃብን (ከሆስፒታል በኋላ የሚሰጥ የማገገሚያ ሕክምናን) የሚመለከተው ነው።

መደበኛው ሜዲኬር በነርሲንግ ተቋም ውስጥ የሚሰጥ ሪሃብን የሚሸፍነው በሽተኛው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን በኢንፔሸንትነት ተኝተው ከሆነ ነው፤ የመውጫው ቀን አይቆጠርም። ምሳሌ እንውሰድ። እናታችሁ ሰኞ ማታ በድንገተኛ ክፍል ገቡ፣ እስከ ማክሰኞ ማታ በኦብዘርቬሽን ቆዩ፣ ማክሰኞ ማታ ኢንፔሸንት ተባሉ፣ ሐሙስ ወጡ። ቤተሰቡ ሦስት ሌሊት ይቆጥራል። ሜዲኬር የሚቆጥረው ማክሰኞንና ረቡዕን፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሪሃብ ቢገቡ ሙሉው ወጪ የራሳቸው ይሆናል። ሦስቱ ቀን ከተሟላ ግን፣ ከሆስፒታል በወጡ በ30 ቀን ውስጥ እስከገቡ ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በየቀኑ የራስ ድርሻ ይከፈላል፤ በ2025 ይህ በቀን 209.50 ዶላር ነበር።

በኦብዘርቬሽን ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ የሜዲኬር በሽተኛ በ36 ሰዓት ውስጥ ይህንኑ የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጠውና በቃልም ሊብራራለት ይገባል። ወረቀቱን ባያችሁ ጊዜ ዋናውን ሐኪም ፈልጋችሁ «ኢንፔሸንት ያልሆኑት በምን ምክንያት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቤተሰቡ ቋሚ ሐኪም ደውለው ቢነጋገሩ ይረዳል። ለውጡ የሚቀለው በሽተኛው አልጋው ላይ እያሉ ነው። መጀመሪያ ኢንፔሸንት ተብለው በኋላ ወደ ኦብዘርቬሽን ለተቀየሩ ሰዎች ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በአንዳንድ ሁኔታዎች ፈጣን ይግባኝ ተፈቅዷል።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለውን የግል ኢንሹራንስ የያዙ ወላጆች የሦስት ቀኑ ደንብ ብዙ ጊዜ አይመለከታቸውም። በምትኩ ኢንሹራንሱ ሪሃቡን አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት፤ ይህ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ኬዝ ማኔጀሩ ጥያቄውን መቼ እንደላከ በየጠዋቱ መጠየቅ ነው።

ለመውጣት ደርሰዋል ወይ?

ሐኪሞች «ለመውጣት ዝግጁ ናቸው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያሰቡት ያስተኛቸውን ሕመም ነው። ሙሉውን ሰው ለማየት ቤተሰቡ ራሱ ሊያረጋግጣቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት የተለኩትን ቁጥሮች ነርሷን ጠይቁ። ሙቀት ከ37.8 በላይ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ24 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ የደም ኦክስጅን ከ90 ከመቶ በታች፤ ተመራማሪዎች ያልተረጋጋ በሽተኛ የሚሉት እነዚህን ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ ሐኪሙ ምክንያቱን ማብራራት አለበት፣ ሁለት ካሉ ደግሞ የመመለስና የመሞት አደጋው በግልጽ ይጨምራል። ሁልጊዜ ኦክስጅናቸው ወይም ግፊታቸው ዝቅ የሚል ሰዎች ስላሉ ቁጥሩን ከወትሮው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ከዚያ አስነሷቸው። ሲቆሙ ያዞራቸዋል? ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ያህል ሄደው ተመልሰው ለመቀመጥ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድባቸው አረጋዊ ለመውደቅ እንደተጋለጡ ይቆጠራሉ። ቤታችሁ ደረጃ ካለው ፊዚዮቴራፒስቷ ደረጃ ላይ እንድትሞክራቸው ንገሯት፤ ካልነገራችኋት የምትሞክራቸው ኮሪደሩ ላይ ነው። የሽንት ቱቦ ከወጣ ወዲህ በራሳቸው ሸንተዋል? ሆዳቸውስ መቼ ነው የሠራው? በተለይ ለሕመም ማስታገሻ ጠንካራ መድኃኒት ከወሰዱ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መቃዠት ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። ዝም ያሉ፣ የሚያንቀላፉ፣ ጥያቄን በግማሽ የሚመልሱ እናት «ዐርፈዋል» ይባላሉ። «ወትሮ እንዲህ አይደሉም፤ ከትናንት ጀምሮ ነው» የሚለውን ቃል ሊናገር የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩት።

እዚህ ላይ አስተርጓሚ ይገባል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ትንንሽ ልጆችን ማስተርጎም አይፈቀድም። ትልልቅ ልጆችም ቢሆኑ ጥሩ አስተርጓሚ አይሆኑም፤ አባት ስለ ሽንታቸውና ስለ መውደቃቸው በሴት ልጃቸው አፍ አይናገሩም። ደግሞም የእኛ አባቶችና እናቶች «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ሐኪሙም «ሕመም የለም» ብሎ ይጽፋል። «ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?» ተብለው በሙያተኛ አስተርጓሚ ሲጠየቁ ሌላ መልስ ይመጣል። አስተርጓሚው በመግቢያው ቀን ብቻ ሳይሆን የመውጫው መመሪያ ሲሰጥም መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህኛው ነው።

መድኃኒቱ

ከቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ወደ ሆስፒታሉ ውሰዱና ከመውጫው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ለእያንዳንዱ መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይቀጥላል፣ መጠኑ ተቀይሯል፣ ቆሟል። ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ሁለቱንም ይሰጣል፤ ውጤቱ ግፊት መውረድና ኩላሊት መጎዳት ነው።

በ2011 በታተመ የአሜሪካ ጥናት መሠረት አረጋውያንን በመድኃኒት ጉዳት ምክንያት በድንገተኛ ሆስፒታል ካስተኙት ሁለት ሦስተኛው የመጣው ከአራት ዓይነት መድኃኒቶች ነው፦ ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን ክኒን)፣ ኢንሱሊን፣ እንደ ክሎፒዶግሬል ያሉ የደም መርጋትን የሚከላከሉ ክኒኖች፣ እና የስኳር ክኒኖች። ከእነዚህ አንዱ ዝርዝሩ ላይ ካለ ቀጣዩ የደም ምርመራ መቼ እንደሆነ ሳታውቁ አትውጡ።

ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሰዎች ጎመን ትልቅ ጉዳይ ነው። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። መከልከል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። ችግሩ በጾም ወራት በየቀኑ ጎመን ተበልቶ በፍስክ ሲቆም ነው፤ መድኃኒቱ የተለካው በአንዱ ወቅት ሆኖ የሚወሰደው በሌላው ይሆናል። እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ክኒን መውሰድ ደግሞ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ልጆቻቸውን የማይሰሙ እናት የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉና ደውሉላቸው።

ሌላው አደጋ ሰዓት ነው። ጠርሙሱ ላይ ወይም መመሪያው ላይ «8» ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ልጅ «ስምንት ሰዓት ላይ ውሰጂ» ብሎ ቢሄድ እናት ከሰዓት በኋላ ይወስዱታል። የክኒን ሳጥኑ ላይ በአማርኛ «ጠዋት ከቁርስ ጋር»፣ «ማታ ሲተኙ» ብሎ መለጠፍ ይሻላል። ቀጠሮም እንደዚሁ ነው፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ነርሷን «ዛሬ የትኞቹን ሰጥታችኋቸዋል፣ በስንት ሰዓት?» በሏትና አጠገቡ ጻፉ፤ ያለዚያ የማታው ክኒን ሁለት ጊዜ ይሰጣል ወይም ጭራሽ ይረሳል። አዲሶቹን መድኃኒቶች ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ወስዳችሁ መውጣት ከቻላችሁ እጅግ ጥሩ ነው። በዐርብ ማታ መድኃኒቱ ኢንሹራንስ ማጽደቅ የሚፈልግ ሆኖ ከተገኘ እስከ ሰኞ መልስ ላይገኝ ይችላል። ለእንቅልፍ ብላችሁ ስሙ በ«ፒ.ኤም.» የሚያልቅ ማስታገሻ አትግዙ፤ አብዛኛዎቹ ውስጥ ያለው እንደ ቤናድሪል ያለ መድኃኒት አረጋውያንን ያቃዣል፣ ይጥላልም።

ለመውጣት አልደረሱም ብላችሁ ካመናችሁ

በኢንፔሸንትነት የተኛ የሜዲኬር በሽተኛ በገባ በሁለት ቀን ውስጥ «ከሜዲኬር የተላከ ጠቃሚ መልእክት» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥም እንደገና ይሰጠዋል። በመውጫው ቀን ከሆነ የሚሰጠው ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ መሆን አለበት። ፊርማው «ደርሶኛል» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ከሆስፒታሉ ነፃ የሆነ የገምጋሚ ድርጅት ስልክ አለ። የመውጫው ቀን እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ሳያልፍና ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ወደዚያ ደውላችሁ «ፈጣን ይግባኝ እፈልጋለሁ» በሉ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁትን ሰው ጻፉ። ሆስፒታሉ ለምን ይወጣሉ እንዳለ በዝርዝር የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ሊሰጣችሁ ግድ ነው። ድርጅቱ መረጃው በደረሰው በአንድ ቀን ውስጥ ይወስናል። ቢፈረድባችሁ እንኳ ውሳኔው በተነገራችሁ ማግስት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ያለው ቆይታ፣ ከተለመደው የራስ ድርሻ በቀር፣ አያስከፍልም። ስልኩ ከጠፋባችሁ በ1-800-633-4227 ሜዲኬርን ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

ይግባኙ የሚያሸንፈው በተጨባጭ ነገር ነው፦ ዛሬ ጠዋት የነበረው ሙቀት፣ ያልተሞከረው ደረጃ፣ ያልተዘጋጀው ኦክስጅን። ኦብዘርቬሽን ላይ ላሉ ይህ ወረቀትም ይህ ይግባኝም የለም፤ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

በልጆቻቸው በኩል የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ብዙ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ በቂ ጊዜ ስላልሠሩ ሜዲኬርን በክፍያ እንኳ መግዛት የሚችሉት አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ ነው። ለእነሱ ይህ ይግባኝ ባይኖርም የመውጫ ዕቅድ ማዘጋጀት ሆስፒታሉ ለሁሉም በሽተኛ ያለበት ግዴታ ነው። ሶሻል ወርከር (የሆስፒታሉን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) አስጠሩና «ይህ ለደኅንነታቸው አያስተማምንም» የሚለው ቃላችሁ ከነምክንያቱ በመዝገቡ እንዲጻፍ ጠይቁ። ለትርፍ የማይሠራ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ አቅም ለሌላቸው የክፍያ እርዳታ የሚሰጥበት ደንብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ቅጹን ከመውጣታችሁ በፊት ውሰዱ።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያን ጨምሮ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሆስፒታሉ የተንከባካቢውን ስም መዝግቦ፣ መውጫውን አስቀድሞ ነግሮ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማሳየት አለበት። ስማችሁን አስመዝግቡ። መርፌ መውጋት ወይም ቁስል ማጠብ ካለ በቃል አትቀበሉ፤ ነርሷ እያየች በእጃችሁ ሥሩት።

ቤት ከገቡ በኋላ

በ2009 የታተመ ጥናት ከሆስፒታል ከወጡ የሜዲኬር በሽተኞች 19.6 ከመቶው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው እንደተኙ አሳይቷል። ያለ ቀዶ ጥገና ታክመው ከተመለሱት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በመካከሉ ሐኪም ዘንድ የታዩበት ሂሳብ አልተገኘም። ስለዚህ የቋሚ ሐኪማቸው ቀጠሮ ከመውጣታቸው በፊት ይያዝ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፤ ለልብ ድካም ከ7 ቀን ባይዘገይ ጥሩ ነው። የመውጫውን ማጠቃለያ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሲወጡ ውጤቱ ያልደረሰ ምርመራ ካለ ስሙን አስጽፉ፤ የሚከታተለው ካልታወቀ ውጤቱን ማንም ላያየው ይችላል።

የቤት ለቤት ነርስ ከታዘዘች በ48 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለባት። ካልመጣች ድርጅቱን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ትእዛዙ ጨርሶ አልደረሳቸው ይሆናል። ሜዲኬር ዎከርን (ይዘው የሚራመዱበትን ድጋፍ) 20 ከመቶውን እናንተ ከፍላችሁ ይሸፍናል። የመታጠቢያ ወንበርና የግድግዳ መያዣ ብረት ግን አይሸፍንም፤ አስቀድማችሁ ግዙ። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ለሚውል ሰውም ሜዲኬር አይከፍልም፣ ብዙ ቤተሰብ ግን ይከፍላል ብሎ ያስባል።

የልብ ድካም ላለባቸው ሚዛን ከመድኃኒት እኩል ነው። በየጠዋቱ ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። በአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመሩ እግራቸው እስኪያብጥ ሳትጠብቁ ደውሉ። ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ሊሆን ይችላል፤ «ጨው አልጨመርኩም» የሚሉ እናት እውነታቸውን ነው። በጨው ምትክ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ስለሆነ ለግፊት እንደ ሊሲኖፕሪል ወይም ስፒሮኖላክቶን ለሚወስዱ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሆንም።

ወደ ሪሃብ የሄዱ ከሆነ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ተቋሙ ሽፋኑ የሚያበቃበትን ቀን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። እዚህ ያለው የይግባኝ ሰዓት ከሆስፒታሉ የተለየና የጠበበ ነው፦ ሽፋኑ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እስከ እኩለ ቀን። ሽፋኑ ዐርብ የሚያበቃ ከሆነ ስልኩ መደወል ያለበት ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ነው። ወረቀቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለወላጁ ስለሆነና ሳያነቡት ትራስ ሥር ሊያስቀምጡት ስለሚችሉ፣ በገቡበት ቀን ለቢሮው «ማንኛውም ወረቀት ሲመጣ እኔን ጥሩኝ» ብላችሁ ስልካችሁን አስመዝግቡ።